ወደ ገደል የዞረ በር

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

«የጣቢያው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ የጀልዴሳ ነዋሪዎች ከእህል ተቀባዮች ዝርዝር እንዲወጡ ማድረጉ፣ መሣሪያው የሰጠውን የስህተት ማስጠንቀቂያም ሆን ብሎ ማጥፋቱ ተረጋግጧል።»

ውድ እህቴ፣

ከላይ የሰፈረው የምርመራ ሪፖርቱ ዓረፍተ ነገር ያንቺ ነው፤ «ኃላፊ» የተባልኩትም እኔ ነኝ። ከሥሩ ፊርማሽ አለ። ከሰላምታ አስቀድሜ የገለበጥኩት አንድ ፊደል ሳልጨምር፣ አንድ ፊደል ሳልቀንስ መሆኑን እንድታዪልኝ ነው። እኔ የሰው ቃል ስጠቅስ እንደዚያ ነው የምጠቅሰው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። እንዴት ከረምሽልኝ? በብርድ የሚነሣብሽ ደረትሽ ዘንድሮ ማረሽ ወይስ እንደ አምናው ያስቀምጥሻል? ልጆቹ አደጉ? ባለቤትሽ ከሥራ ጉዞው ተመለሰ? እኛ ክብሩ ይስፋና ቆመን እንሄዳለን። ሰርካዲስ ጉልበቷን ስለሚያማት ከከዚራ እስከ ገበያ በጋሪ ነው የምትመላለሰው። ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ሪፖርትሽን ግን አላሳየኋትም። ባለቤቴ ናትና እህቴን እንድትጠላብኝ አልፈልግም። ድሬ እንደምታውቂያት በታኅሣሥ ሰው የምትመስልበት ወር ላይ ናት፤ በቀትር እንኳ ሰው ጥላ ሳይፈልግ ቆሞ ያወራባታል። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ነፋሻ አየር ውስጥ ተቃጥያለሁ።

ደብዳቤውን በፖስታ ቤት አልላክሁትም። ጎረቤታችን ወይዘሮ በለጠች ለዓይኗ ሕክምና በባቡር ወደ አዲስ አበባ ስለምትመጣ በእጇ ይደርስሻል። ታኅሣሥ 24 ትመለሳለች። መልስሽም በእሷ እጅ ይምጣ።

ወደ ቃልሽ ልመለስ። «ተረጋግጧል» ብለሻል። በማን? ሪፖርቱን ከፈረማችሁት ከአምስታችሁ አንድ ሰው እንኳ ባቡር ተሳፍሮ ድሬዳዋ አልወረደም። የኮምፒውተራችንን ቅጂ በቴፕ አስልካችሁ፣ አዲስ አበባ ላይ አንብባችሁ፣ ሻያችሁን ጠጥታችሁ «ተረጋግጧል» አላችሁ። እኔን የጠየቀኝ የለም። መዝጋቢያችንን ኡባህን የጠየቃት የለም። የጀልዴሳን ሰዎችማ ማን ይጠይቃቸዋል!

«ማጥፋቱ» ብለሻል። የሚጠፋ ነገር አስቀድሞ መኖር አለበት። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ፣ አሸዋው ላይ በእንጨት ቁጥር እየጻፍን፣ «የሌለን ነገር መቀነስ አይቻልም» ስልሽ «ታዲያ ከዜሮ በታች ያሉት ቁጥሮች ከየት መጡ፣ ጋሼ?» ብለሽ አፌን አስያዝሽኝ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ያቺ ልጅ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ብታይ በእግሯ አሸዋውን ደምስሳ ታልፈው ነበር።

ቀጥሎ የምጽፈውን ሁሉ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቡካሬስት ድረስ ሄደሽ ተምረሽዋል። ከአንቺ ጋር የፈረሙት አራት ሰዎች ግን አያውቁትም፤ ስለዚህ እንድታነቢላቸው ለማንም በሚገባ ቃል እጽፈዋለሁ።

በእህል ማደያ ጣቢያችን ያለው ኮምፒውተር የሚሠራበት ዩኒክስ የተባለ ሥርዓት አንድን ፕሮግራም ሲያስነሣ ባዶ እጁን አይሰደውም። ሦስት በሮች ከፍቶ ይሰጠዋል። ቁጥራቸው ከዜሮ ይጀምራል። በዜሮ የሚሰጡትን ይቀበላል። በአንድ ሠርቶ የጨረሰውን ያወጣል። በሁለት «አቤት፣ ይህ ነገር አልሆነልኝም» ይላል። ፕሮግራሙ ከበሮቹ ማዶ ምን እንዳለ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። በዜሮ የሚገባለት ከሰው ጣት ይሁን ከፋይል፣ በአንድ የሚያወጣው ስክሪን ላይ ይውደቅ ወረቀት ላይ፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። በሮቹን ወዲያና ወዲህ የሚያዞራቸው ፕሮግራሙን የሚያስነሣው ሰው ነው።

ማንም ካላዞራቸው በር አንድም በር ሁለትም ወደ አንዱ ስክሪን ይከፈታሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ወደ አንድ መንገድ ስለሚያወጡ አንድ በር ይመስሉታል። አይደሉም። በር አንድን ወደ ፋይል ብታዞሪው በር ሁለት አብሮት አይዞርም፤ ስክሪኑን እንዳየ ይቀራል። ሁለት ፕሮግራሞችን አጋጥመሽ ብታስኬጂ የፊተኛው በር አንድ ከኋለኛው በር ዜሮ ጋር ይገጥማል፤ በር ሁለት ግን ከዚያ ሰልፍ ውጭ ነው። ይህን ያሰቡ ሰዎች በጥበብ ነው ያሰቡት። ሥራውና አቤቱታው በአንድ ቧንቧ ቢፈሱ ኖሮ በእህል ተቀባዮች ስም መካከል የስህተት ጩኸት እየገባ ዝርዝሩን ያበላሸው ነበር። ደግሞም በር አንድ ወደ ፋይል ሲዞር የሚያወጣውን እያጠራቀመ ነው የሚለቀው። በር ሁለት አያጠራቅምም። ስህተቱን ባየበት ቅጽበት ይናገራል። የተሠራው ለዚያ ነው።

ስለዚህ በዝርዝሩ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ስላላገኛችሁ «አጠፋው» ማለት፣ ተሳፋሪ በተቀመጠበት ፉርጎ ውስጥ ጭስ ስላላየሁ ባቡሩ እሳት ተሰርቆበታል እንደማለት ነው። ጭሱ የራሱ መውጫ አለው።

አሁን የእኛን አሠራር ስሚ። ቅጹን ያዘጋጀው የእናንተ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። «የቤት ቁጥር» የሚል ዓምድ አለው። የከተማው ሰው የቤት ቁጥር አለው። የመልካ ጀብዱ ገበሬም አለው። የጀልዴሳ አርብቶ አደር ግን ቤቱን ግመል ላይ ጭኖ የሚሄድ ሰው ነው። ቁጥሩን የት ይለጥፈው? እነሱ የሚታወቁት ከብታቸውን በሚያጠጡበት የውሃ ጉድጓድ ነው። «የማን ጉድጓድ ነህ?» ሲባል መልስ የሌለው ሰው እዚያ እንግዳ ነው። ይህን ለዋናው መሥሪያ ቤት ደጋግሜ ጻፍኩ። ቅጹ ለመላ አገሪቱ አንድ ነው፣ አይቀየርም ተባልኩ።

እንግዲህ ፕሮግራሙን ስጽፍ መላ አበጀሁ። የቤት ቁጥሩ ባዶ የሆነ ስም ሲያጋጥመው በበር አንድ እንዳያሳልፈው፣ ነገር ግን በበር ሁለት እንዲናገር አደረግሁት። መሣሪያው ፊደላችንን ስለማያውቅ በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ ነው የሚናገረው። እኔ ስክሪኑ ፊት እቀመጣለሁ፤ ኡባህ ከጎኔ ትቀመጣለች። ኡባህ ሶማሊኛውንም ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የምታዝዝ ሴት ናት፤ አፏ ደግሞ ምላጭ ነው። ስክሪኑ ሲናገር እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፣ እሷ ጉድጓዱን ትጠራለች። «ዐብዱላሂ፣ የቤት ቁጥር የለውም» እላለሁ። «የላይኛው ጉድጓድ! ያ ባለ ሁለት ሚስቱ» ትላለች። «ሃዎ፣ የቤት ቁጥር የላትም» እላለሁ። «የላይኛው ነበረች፤ ከአማቷ ጋር ተጣልታ ወደ ታችኛው ወርዳለች። የታችኛው በል አቦ ጋሼ፣ አሮጊቷ ጋር እንዳትመልሳት!» ትለኛለች። በቤት ቁጥሩ ፋንታ የጉድጓዱን ስም አስገባና ፕሮግራሙን እንደገና አስኬደዋለሁ። በሁለተኛው ዙር ስክሪኑ ዝም ካለ ማንም አልቀረም ማለት ነው። ዝምታውን የምናገኘው ለጩኸቱ ሁሉ መልስ ከሰጠን በኋላ ነበር። ይህ አሠራር አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሳይጥል ሠርቷል። በሪፖርትሽ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

መስከረም መጨረሻ ላይ እንግዶች ይዘሽ የመጣሽበትን ቀን አትረሺውም። መሣሪያውን የለገሱት የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ጓዶች ነበሩ፤ የጣቢያችን ኃላፊ ጓድ ተሰማ በዚያ ወበቅ ኮት ለብሶ ያልበው ነበር። የኮምፒውተሩ ክፍል ከጣቢያው ሁሉ የሚቀዘቅዘው ክፍል ስለሆነ ጓድ ተሰማ ሐብሐቡን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው፤ ያን ቀን ግን ሐብሐቡ ከጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ነበር። አንቺ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሽ። ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁ። ፕሮግራሙን አስነሣሽው። ስክሪኑም እንደ ልማዱ «የቤት ቁጥር የለም፣ የቤት ቁጥር የለም፣ የቤት ቁጥር የለም» እያለ ከላይ እስከ ታች ሞላ።

ከጓዶቹ አንዱ ሳቀና «ምነው፣ ማሽኑም ያማርራል እንዴ?» አለ። ሌላው ተቀብሎ «ንቃት አንሶት ይሆናል፣ ወደ ውይይት ክበብ እንውሰደው» አለ። ሁሉም ሳቁ። ፈረንጆቹ እንኳ ሳይገባቸው ሳቁ። አንቺ አልሳቅሽም። ልጅ ሳለሽ ሰው ሲስቅብሽ እንደምትሆኚው ጆሮሽ ሥር ቀላ። ወዲያው መብራቱ ፈዘዘ፤ ጓድ ተሰማ ጄኔሬተሩን እንዳዘጋጅ ወደ ግቢ ሰደደኝ። ናፍጣ እየቀዳሁ ሳለ ከውስጥ ጭብጨባ ሰማሁ። ስመለስ ስክሪኑ እንደ ታጠበ ሰሌዳ ንጹሕ ነበር። ዝርዝሩ ተጠናቆ ታትሟል። ጓድ ተሰማ «ይኸው! ዋናው መሥሪያ ቤት ሲነካው እንዴት ጨዋ ይሆናል!» ብሎ ጀርባዬን መታኝ።

ኡባህ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ጋሼ፣ ለእነ ሃዎ ማን መለሰላቸው?» አለችኝ።

ለእንግዶች ማሳያ ነው፣ ለእውነተኛው እደላ እንደ ወትሮው እናስኬደዋለን አልኳት። በማግስቱ ግን ለሴሚናር ሐረር ጠሩኝ። ጥቅምትን በሙሉ እዚያ ከረምኩ። በእኔ ቦታ የሒሳብ ክፍሉን ዓብዱልአዚዝን አስቀመጡት። ጨዋ ሰው ነው፣ የታዘዘውን ቁልፍ ይጫናል። ኡባህ እንደ ልማዷ ከጎኑ ተቀምጣ ስክሪኑን ጠበቀች። ምንም አላለም። «የዛሬው ማሽንህ ጾም ይዟል ወይስ ጫቱ አልደረሰውም?» ብላ ቀለደችበት። ከዚያ ግን ደነገጠችና ጓድ ተሰማ ዘንድ ሄዳ ማሽኑ ዝም አለ ብላ ነገረችው። «ስህተት ከሌለ ምን ይናገር?» አላት። የጥቅምቱም የኅዳሩም እህል በዚያ ዝርዝር ታደለ።

ከሐረር የተመለስኩ ዕለት የጀልዴሳውን ሽማግሌ ዒጋልን የጣቢያው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በበትሩ ላይ ሰቅሎ፣ እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ግን ቀጥ ያለው አጥንቱ ብቻ ነበር። ኡባህ «አዴር» ነው የምትለው፣ አጎቴ እንደማለት። እሷ እየተረጎመችልኝ እንዲህ አለኝ። «ስማችንን ጠየቃችሁን፣ ነገርናችሁ። ልጆቻችንን ቁጠሩ አላችሁን፤ ልጅ ባይቆጠርም ቆጠርንላችሁ። ጉድጓዳችንን ነገርናችሁ። ወሩ ሲሞላ መጣን፤ የላችሁም ተባልን። ለዘበኛው ተናገርኩ፣ ሰምቻለሁ አለኝ። ለቀበሌው ተናገርኩ፣ ሰምተናል አሉኝ። ለአለቃችሁ ተናገርኩ፣ እሱም ሰምቻለሁ አለ። ወላሂ፣ እንዲህ የሚሰማ አገር አላየሁም!» አለና ሳቀ። ከዚያ በትሩን አውርዶ መሬቱን መታና «እኔ ከሌለሁ ይህን በትር የያዘው ማነው?» አለ።

የምትታለብ ግመሉን አርዷል። ይህን ለአራቱ ፈራሚዎች አስረጂልኝ፤ አርብቶ አደር የምትታለብ ግመል አረደ ማለት ገበሬ ዘሩን ቆልቶ በላ ማለት ነው። የልጁ ሚስት ዳሃቦ አራስ ናት። ጡቷ ነጥፏል።

ወደ ውስጥ ገባሁና ፕሮግራሙን የሚያስነሣው የትእዛዝ መስመር ያለበትን ፋይል ከፈትኩ። እኔ ከጻፍኩት መጨረሻ ላይ ጅራት ተቀጥሎበታል። ቁጥር ሁለት፣ ወደ ቀኝ የምታመለክት ቀስት፣ ከዚያ ዴቭ ነል።

ለአራቱ ፈራሚዎች ልተርጉመው። ዴቭ ነል ይህ ሥርዓት ያለው ገደል ነው። የተጣለበት ነገር አይመለስም፣ አይከማችም፣ ድምፅ አያሰማም። በር ሁለት አልተዘጋም፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ። ቢዘጋማ በተሻለ። የተዘጋ በር የሚገፋው ሰው መዘጋቱን ያውቃል። ይህ ግን ወደ ገደል የዞረ በር ነው። ፕሮግራሙ ስለ እያንዳንዱ የጀልዴሳ ሰው ተናግሯል፤ ገደሉም ለእያንዳንዱ ቃል «ደርሶኛል» ብሎ መልሶለታል። ፕሮግራሙ የተሰማ መስሎት ወደሚቀጥለው ስም አልፏል። የባሰም አለ። አንድ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም ሲያስነሣ፣ ልጁ የወላጁን በሮች ወደዞሩበት እንደዞሩ ይወርሳቸዋል። ከዚያ መስመር የተወለደ ሁሉ አቤቱታው ገደል ገብቷል፤ አንዱም ይህን አያውቅም።

ያን ዕለት ጅራቱን ቆርጬ መጣል እችል ነበር። አልነካሁትም። ማስረጃ የሚነካ ሰው አይደለሁም። ለጓድ ተሰማ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ምርመራ ይደረግ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም! በማግስቱ ፋይሉ በዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ታሸገ። አሁን እኔ የራሴን ፕሮግራም ማንበብ እንጂ መጻፍም ማስኬድም አልችልም። የይለፍ ቃሉ አንቺ ዘንድ ነው። ዓብዱልአዚዝ ግን ያን መስመር ከነጅራቱ እንዲያስኬድ ታዝዟል፤ የታኅሣሡም እህል እንደዚያው ታደለ።

እኔና ኡባህ የጀልዴሳን ስሞች ከቅጾቹ ላይ በእጅ ገልብጠን ለጓድ ተሰማ ወሰድንለት። «ማሽኑ ያላወጣውን ስም ከወዴት አምጥቼ ልፈርም? ስህተት ቢኖር ማሽኑ አይናገርም ነበር?» አለን። ኡባህ «ተናግሯል፣ ጓድ። አፉን ወደ ግድግዳ አዙረውት ነው እንጂ» አለችው። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ምላስሽ አንድ ቀን ያስበላሻል» አላት። «ሐብሐብ ከሆነ እሺ» አለችው። እኔ በዚያ ሰዓት አልሳቅሁም። ዛሬ ስጽፈው ግን፣ እግዜር ይይላት፣ ፈገግ አስደረገችኝ።

ሪፖርትሽ በገጽ ሦስት «መሣሪያው በዋናው መሥሪያ ቤት ተሞክሮ ያለ ስህተት መሥራቱ ታይቷል» ይላል። ያለ ስህተት አይደለም። ያለ ድምፅ ነው። ከነጅራቱ አስኬዳችሁት፣ ዝም አለ፣ ዝምታውን ጤና አላችሁት። ሐኪም ብትሆኚ ኖሮ የሞተውን ሁሉ ድኗል እያልሽ ወደ ቤቱ ትሰጂ ነበር። በገጽ አራት ደግሞ «የጀልዴሳ ነዋሪዎች የቤት ቁጥራቸውን ይዘው እንዲቀርቡ» ትላላችሁ። ይህን ኡባህ ለዒጋል ተረጎመችለት። ጥቂት አሰበና «ቁጥሩን ግመሏ ላይ ልጻፈው? ግመሏን በልተናታል። ታዲያ ቤቴን በላሁት ማለት ነው?» አላት። ይህን መልስ ለኮሚቴው አስተላልፊልኝ። ቃል በቃል።

አንድ ነገር አለ፤ ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር።

ያን መስመር እስከ ማብቂያ ምልክቱ ድረስ እንዲያሳየኝ ኤዲተር የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም አዘዝኩት። ከመጨረሻው ቃል በኋላ፣ መስመሩ ከማለቁ በፊት፣ ሁለት ባዶ ቦታ አለ። ለመሣሪያው ትርጉም የላቸውም። ሰው አያያቸውም።

አባታችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ባቡር ጣቢያው ቴሌግራፍ ክፍል ሲሠራ መልእክቱን በጨረሰ ቁጥር ቁልፏን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ያደርጋት ነበር። በዚያች አሮጌ የጽሕፈት መኪናው መተየብ ሲያስተምረንም መስመር በጨረስን ቁጥር ባዶ ቦታ የምትተወውን ረጅሟን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ያስመታን ነበር። ብንረሳ ጣታችንን በእርሳስ ይነካን ነበር። «ይህ ማለት ጨርሻለሁ፣ ግን አልሄድኩም፤ እየሰማሁ ነኝ ማለት ነው» ይለን ነበር። ይህን ያስተማራቸው ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። አንደኛው ያን ሰዓት ግቢ ውስጥ ናፍጣ ይቀዳ ነበር።

ስለዚህ ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ለኡባህም፣ ለሰርካዲስም።

ከሪፖርቱ ጋር የእምነት ቃል የሚሉት ወረቀት መጥቶልኛል። እስከ ታኅሣሥ 26 ፈርሜ እንድመልስ ታዝዣለሁ። ከፈረምኩ በኋላ ወዴት እንደምወሰድ አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ወረቀቱ ላይ «በዕለቱ ከመሣሪያው ላይ ተቀምጦ ትእዛዙን የጻፈው» የሚል ቦታ አለ፤ ስም ይገባበታል። እስከ ዛሬ ባዶ ትቼዋለሁ። ባለፈው እሑድ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሰርካዲስ «ድሬዳዋ ተቀምጠህ ብርድ ልብስ ምን ያደርግልሃል?» ብላ ስቃብኛለች።

የሚያንገበግበኝ ግን ይህን ልንገርሽ። በዚያ ቦታ ላይ የማንም ስም ቢገባ ለጀልዴሳ ሰው እህል አይሆንም። የእኔ ፊርማ ያን ጅራት አይቆርጠውም። ሰው አንድ ነገር በችኮላ፣ በእፍረት፣ እንግዳ ፊት ሊያደርግ ይችላል፤ ይህን አልፌ መሄድ እችላለሁ። ረስቶትም ይሆናል። ነገር ግን ቴፑ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ያ መስመር ከነጅራቱ በዓይን ታይቶ፣ ከዚያ በኋላ «ሆን ብሎ» የሚለው ቃል እንዴት ተጻፈ? ይህን ነው የማላልፈው። የሰውን ስም ማጥፋት አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌው በር ላይ ቆሞ ሳለ ጅራቱን አይቶ መተው ግን አይሆንም።

ቀጣዩ እደላ ጥር 1 ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ነገር ያስፈልገኛል፤ ሦስቱም በእጅሽ ናቸው። የታሸገው ፋይል ይከፈት። ጅራቱ ይቆረጥ፣ በር ሁለት ወደ ስክሪኑ ይመለስ። ኡባህ ከጎኔ፣ ወይም እኔ የሌለሁ እንደሆነ ከዓብዱልአዚዝ ጎን፣ ተቀምጣ ጉድጓዶቹን እንድትጠራ በትእዛዝ ይጻፍላት። ስለ እኔ ስም ምን እንደምትጽፊ ላንቺ ትቼዋለሁ። በስልክ ደውለሽ «ጋሼ፣ እኔ እኮ» ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ እዘጋዋለሁ። በቃል የተነገረ ነገር በዚህ አገር ወዴት እንደሚገባ አይተናል።

ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ትልቋን ስለ ሒሳብ ፈተናዋ ጠይቂልኝ፤ ያልገባት ነገር ካለ ለአጎቷ ትጻፍ፣ እስክችል ድረስ እመልስላታለሁ። የአባታችን አምላክ ደረትሽን ከብርድ፣ እጅሽን ከችኮላ ይጠብቅልኝ። ደጅሽን የሚመታ ሁሉ አንቺን ያግኝ።

መልስሽን በጽሑፍ፣ በፊርማሽ፣ በወይዘሮ በለጠች እጅ፣ እስከ ታኅሣሥ 24 ቀን 1979 ዓ.ም. እጠብቃለሁ።

ጨርሻለሁ። አልሄድኩም።

ታላቅ ወንድምሽ